መርካቶን ያጋለጥኩ ዕለት

በሕይወቴ ባሕር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። እሱንም ከአውሮፕላን መስኮት፣ በደመና ቀዳዳ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ቀይ ባሕር ነው" ስላለኝ አምኜ። ይህ ግን ስለ ባሕር ዳርቻ ፎቶ አነሳስ ለወዳጆቼ ትምህርት ከመስጠት አላገደኝም። ያነበበ ሰው ካየ ሰው አያንስም ብዬ የማምንበት ዘመን ነበር። ዘመኑ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ አምና ነው።

ማንነቴን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሃምሳን የተሻገርኩ፣ በየመጽሔቱ መጣጥፍ የምጽፍ፣ ሰው ሁሉ "አዎ" ሲል "ቆይ እስቲ" የምል ሰው ነኝ። ሁሉም የሚያደንቀውን እጠረጥራለሁ፤ ሁሉም የሚጠረጥረውን አደንቃለሁ። ባለቤቴ አልማዝ "አንተ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ሆነህም 'በተቃራኒው' ሳትል አትቀበርም" ትለኛለች። ይህንንም ተቃውሜ ጽፌያለሁ።

ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ሐኪም በእግር ተንቀሳቀስ ስላለኝ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝ መራመድ ነበር፤ እኔ የገዛሁት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ከዚያ ቤት ተቀምጬ በኢንተርኔት የባሕር ዳርቻ ፎቶዎችን ማየት ጀመርኩ። ማዕበሉ እንደ ጉም ተኝቷል፤ ከጉሙ መሃል ጥቁር ድንጋዮች ብቻ ብቅ ብለዋል። ምስጢሩ በካሜራው ዓይን ላይ የሚጠመድ ጥቁር መስታወት ነው። መስታወቱ ብርሃኑን ስለሚያፍነው ካሜራው በጠራራ ፀሐይ እንኳን ለደቂቃዎች ዓይኑን ከፍቶ መቆየት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይሟሟል፤ ያልተንቀሳቀሰው ይቀራል።

ዱባይ የሚመላለስ ወዳጄ መስታወቱን አመጣልኝ። ከፎቶ ወዳጆቼ ጋር ጅቡቲ ድረስ በመኪና ሄደን ባሕሩን እንድናነሳ ተስማምተን ነበር። ጉዟችን ሲቃረብ ባለመኪናው ወገቡን ታመመ። የቀሩት "እንግዲያው ላንጋኖ እንሂድ" አሉ።

"ላንጋኖን ያላነሳ ማን አለ?" አልኩ። "ባሕር ባይኖረን የሰው ባሕር አለን። እኔ መርካቶ እሄዳለሁ።"

መርካቶን እኔ ያገኘኋት ይመስል ነበር አነጋገሬ። ሐሳቡ ግን መጥፎ አልነበረም። በርበሬ በረንዳን በእኩለ ቀን በዚያ መስታወት ባነሳው ያ ሁሉ የሚተራመስ ሰው እንደ ማዕበል ተኝቶ፣ ሱቆቹና ኩንታሎቹ እንደ ድንጋይ ይቀራሉ።

ችግር የፈጠረው መስታወቱ አይደለም፤ ቃሉ ነው። ፎቶ አንሺዎቻችን ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ የሚቆይበትን ነገር "ኤክስፖዠር" ይሉታል፤ ረጅም ሲሆን "ሎንግ ኤክስፖዠር"። እኔ ደግሞ የተውሶ ቃል ስሰማ ጥርሴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ብዙ ካሰላሰልኩ በኋላ "ረጅም ማጋለጥ" የሚል ስም አወጣሁለት። ካሜራው ለብርሃን ይጋለጣል፤ እኔ አጋልጠዋለሁ። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ሲሰማ ራሱን አከከ።

"ጋሼ፣ ማጋለጥ እኮ ሌላ ነገር ነው። ኤክስፖዠር ቢሉት ሰው ይገባዋል።"

"ቃል የሚለመደው ሲነገር ነው" አልኩት።

ይህ እውነት ነው። የት እንደሚነገር ግን አላሰብኩበትም።

የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው፣ ከዚያች ሱቅ በቀር ሌላ አድራሻ የማያውቁ ሴት ናቸው። ከሱቃቸው በላይ በጠባብ የእንጨት ደረጃ የሚወጣ መጋዘን አለ፤ መጋዘኑ ወደ መንገዱ የምታይ ትንሽ መስኮት አለችው። መስኮቷን ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

"ውጣ" አሉኝ። "ኩንታሎቹን እንዳትነካ። በነካህበት እጅ ደግሞ ዓይንህን እንዳትነካ።"

ጠዋት ረፋድ ላይ ካሜራዬን መስኮቷ ሥር ተክዬ መስታወቱን ስጠራርግ፣ ታደለ የሚባለው ተሸካሚ ኩንታል ይዞ ወጣ። በዚያ ረድፍ የማያውቀው ሱቅ የለም፤ የማያውቀው ወሬም የለም። ኩንታሉን ጥግ አስደግፎ መስታወቱን አየት አደረገና፣

"ጋሼ፣ ይሄ የበያጅ መስታወት ነው?" አለኝ።

"ዘመዱ ነው።"

"ታዲያ ምን ሊበይዱ ነው?"

"ልበይድ አይደለም። ላጋልጥ ነው የመጣሁት።"

ላቡን ሊጠርግ ያነሳው እጁ ግንባሩ ላይ ቀረ። "ማንን?"

"መንገዱን። በርበሬ በረንዳን በሙሉ።"

"እንዴት አድርገው?"

እዚህ ላይ እዘኑልኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ስጽፍ "እንዴት አድርገህ?" ብሎ በፈቃዱ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቤቴ ውስጥ ያለሁ ያህል ዘና አልኩ።

"በረጅሙ ነው የማጋልጠው" አልኩት። "ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ ሰው ያመልጣል፤ ዱካው አይገኝም። የቆመ ግን ይያዛል።"

"ዕቃስ?"

"ዕቃማ ከሁሉ ይቀላል። መሮጥ አይችል። ደጅ ያለ ዕቃ ሁሉ ይያዛል።"

"ዛሬ ነው?"

"አሁን እጀምራለሁ።"

"እትዬ ዘነቡ ያውቃሉ?"

"መስኮቱን የሰጡኝ እሳቸው አይደሉ?"

"በሉ ደህና ይዋሉ ጋሼ" አለና ወረደ። ሲወጣ አንድ አንድ የረገጠውን ደረጃ ሲወርድ ሁለት ሁለቱን ነው የዘለለው። የፎቶ ጥበብ እንዲህ በአንድ ጊዜ ልቡን ነክቶት ለጓደኞቹ ሊነግር የቸኮለ መሰለኝ። ለጓደኞቹ ሊነግር መቸኮሉ ልክ ነበር።

ይህ ሥራ አንድ ጣጣ አለው። መስታወቱ ከተጠመደ በኋላ በካሜራው ምንም አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ መስታወት ታያለህ፣ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ መስታወቱን ታጠልቅና እንደ ዕውር ትጠብቃለህ። ከኋላ ብርሃን ሾልኮ እንዳይገባ ደግሞ ካሜራውን መሸፈን አለብህ። እኔ ኮቴን አውልቄ ካሜራውንም የራሴን ጭንቅላትም አብሬ ሸፈንኩ። ጭንቅላቴን መሸፈን አያስፈልግም ነበር። በኢንተርኔት ያየሁት ፈረንጅ ግን እንደዚያ አድርጎ ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። በኮቴ ጨለማ ውስጥ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሱቆቹ አሉ፤ በርበሬው በጆንያው ሞልቶ ይታያል፤ የኮረሪማው ዘለላ ተሰቅሏል። ሰው የለም። መሬቱ ላይ የሚንሳፈፍ ጭጋግ ብቻ። ያ ጭጋግ እንግዲህ ሕዝቡ ነው።

ሁለተኛውን አነሳሁ። ጭጋጉ ከሞላ ጎደል ጠፋ። "እጄ እየተፍታታ ነው" አልኩ ለራሴ። ከውጭ የሚመጣው "መንገድ፣ መንገድ" የሚል ጩኸት የቀነሰ መሰለኝ፤ ጥልቅ ተመስጦ ውስጥ የገባ ሰው ድምፅ አይሰማም የሚል ነገር ያነበብኩት ትዝ አለኝና ራሴን አከበርኩት።

በሦስተኛው ፎቶ መንገዱ እንደ መስታወት ጠራ። አንዲት የጭጋግ ክር እንኳን የለም። ባሕር ሲያነሱ የኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ማየታቸውን ተጠራጠርኩ። ለመጽሔቱ የምልክለትን መጣጥፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በአእምሮዬ እያበጀሁ ፎቶውን ሳሰፋ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

ጆንያዎቹ የሉም።

ሰው ስለሚራመድ ይጠፋል፤ ደግ። ጆንያ በርበሬ ግን አይራመድም። ኮረሪማ አይሮጥም። የሱቆቹን በሮች አየሁ፤ ሁሉም ተዘግተዋል። ኮቴን ከራሴ ላይ ገፍፌ በመስኮቷ ብቅ አልኩ።

መርካቶ ውስጥ ጸጥታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በጠራራ ፀሐይ በርበሬ በረንዳ ላይ አንዲት ድመት መንገዱን ተዝናንታ ስታቋርጥ አየሁ። የመጨረሻው የብረት መዝጊያ ሲወርድም ሰማሁ። ያ ሁሉ ያደነቅኩት ጥራት የመስታወቱ ሥራ አልነበረም። ሰዉ እውነትም ሄዷል።

ደረጃው ተንቋቋ። እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

"ደረጀ።"

"አቤት እትዬ።"

"ለታደለ ምን አልከው?"

"ስለ ፎቶው አሠራር ትንሽ..."

"ቃሉን ንገረኝ። ከአፍህ የወጣውን።"

ነገርኳቸው። አንድ ኩንታል ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ደጅ ያለ ዕቃ ሁሉ ይያዛል ብለኸዋል።"

"በካሜራ ማለቴ እኮ ነው።"

"በካሜራ የምትል ቃል ከአፍህ ወጥታለች?"

"እሱማ ከአውዱ ይታወቃል ብዬ..."

"አውዱ ደግሞ ማን ነው? እሱንም ይዘኸው መጥተሃል?"

ኮቴን አንስቼ ማራገፍ ጀመርኩ።

"ስማኝ" አሉ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር። "ረድፉ ሁሉ ዘነቡ ጠቋሚ ቆጥ ላይ አስቀምጣለች እያለ ነው። ዕቃውን ያሸሸው ከአንተ አይደለም፤ ከእኔ ነው። እዚህ የምኖረው በበርበሬዬ መሰለህ? በጎረቤት ነው የምኖረው። ስሜን እዚህ ካጣሁ በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ሌላ ስም አወጣለሁ?"

ወርደን ደጅ ስንቆም ጥቂት ነጋዴዎች ተሰብስበዋል። ከፊት የቆሙት የእትዬ ዘነቡ የግድግዳ ጎረቤት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የሥልጤ ሰው፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ የሚሸጡ፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ። ታደለ ከኋላቸው ሆኖ በትከሻቸው ያየኛል።

"ወንድሜ፣ ከየት መሥሪያ ቤት ነዎት?" አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

"ከየትም አይደለሁም።"

"የሚያስፈራውስ ከየትም ያልሆነው ነው" አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ይቅርታ ብሎ ዝም ይላል። እኔ ማስረጃ አወጣሁ። "ተመልከቱ፣ አንድም ሰው አላጋለጥኩም" ብዬ የመጀመሪያውን ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶው ንጽሕናዬን ይመሰክራል፤ ሰው የለበትማ። ጋሽ ሸምሱ ካሜራውን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ።

"ይሄ ሳንዘጋ በፊት ነው" አለ ታደለ ከኋላ። "ጆንያዎቹ አሉ።"

"እሱን አየሁ" አሉ ጋሽ ሸምሱ። "በዚያ ሰዓት ሱቄ ደጃፍ ላይ ነበርኩ፤ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስነታረክ። የት አለሁ?"

"እጅዎን ሲያወናጭፉ ስለነበር ነው። ጠፍተዋል" አልኩ።

"ጠፍተዋል?"

"ሁሉም ጠፍቷል። መስታወቱ ነው የሚያጠፋው።"

"ሱቁ አለ" አሉ በጣታቸው እያሳዩ። "ዕቃው አለ። ባለቤቱ የለም።" ካሜራውን መለሱልኝ። "ይሄን ሥዕል የሚፈልገው ማን ነው?"

ቦታው ለሌላ ነገር ይፈለጋልና ትነሳላችሁ የሚል ወሬ ሳይሰማ የሚያድር የመርካቶ ነጋዴ የለም። እኔ ያንን ወሬ በፎቶ አትሜ፣ በገዛ እጄ አመጣሁላቸው።

ወዲያው ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ጋሽ ሸምሱ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ሱቃቸውን በቁልፍ ቆለፉ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስበው አረጋገጡ፤ ሄዱ። እኔ ምንም አልታየኝም። ሰው ሱቁን ቢቆልፍ ምን ይገርማል? ዞር ስል ግን እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ከዚያ ቁልፍ ላይ መንቀል አቅቷቸዋል።

"ቆልፎ ሄዶ አያውቅም" አሉኝ። "ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ለሶላት ሲሄድ 'ዘነቡ፣ እይልኝ' ብሎ ነው። ሱቁ ወለል ብሎ ክፍት። እኔም ቤተ ክርስቲያን ስስም 'ሸምሱ፣ እይልኝ' ብዬ ነው የምሄደው።"

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ነገ ጠዋት ትመጣለህ።"

"ይቅርታ እንድጠይቅ?"

"አፍህን እንዳትከፍት። ያመጣብን አፍህ ነው። መጥተህ ደጄ ላይ ትቀመጣለህ።"

"ተቀምጬስ?"

"ያዩሃላ።"

ሌሊቱን በቂ የመከራከሪያ ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር። በማግስቱ ግን አንዷንም ሳልጠቀምባት፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ስልኬንም እትዬ ዘነቡ ተቀብለውኝ፣ ከበርበሬ ጆንያ አጠገብ አጭር በርጩማ ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ተቃርቦ ተቀመጥኩ። ሱቆቹ ተከፍተዋል፤ ደጅ የወጣው ዕቃ ግን ጥቂት ነው። የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። አንዳንዱ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዱ አልፎ ተመልሶ። በእርግጥ ሰዎችን ስመለከት ኖሬያለሁ፤ ሲመለከቱኝ ፊቴን የት እንደማደርገው የማላውቅ መሆኔን ግን አላውቅም ነበር። በዚያ ላይ በርበሬው ያስነጥሰኛል።

ታደለ ኩንታል ተሸክሞ ጎንበስ እንዳለ አጠገቤ ቆመ።

"ዛሬ ማን ነው የሚጋለጠው ጋሼ?"

"እኔ ነኝ።"

"በረጅሙ ነው?"

"እትዬ እስኪበቃቸው።"

"እንግዲያው አይነቃነቁ፤ ከተንቀሳቀሱ አይወጡም" ብሎኝ አለፈ። ከወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ። ከሰዓት በፊት "አጋላጩ" የሚል ስም ወጥቶልኝ ረድፉን ዞሮ ጨርሷል።

አንዲት ሸማች መጥተው በርበሬውን በመዳፋቸው ዘገኑና "ያቃጥላል?" አሉኝ።

"አላውቅም እናቴ።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጥክ?"

"እንድታዩኝ ነው።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ይኸው አየሁህ" አሉና እትዬ ዘነቡን ወደ መጠየቁ ሄዱ።

ረፈድ ሲል ጋሽ ሸምሱ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ከሱቃቸው ወጡና በራፋቸው ላይ ቆሙ። መንገዱን እያዩ፣

"ያ ጥቁር መስታወት ለምንድን ነው የተሠራው?" አሉኝ። "አንተ"ም "እርስዎ"ም ሳይሉ።

አፍህን አትክፈት ተብያለሁ። እትዬ ዘነቡን አየሁ፤ በአንገታቸው ፈቀዱልኝ።

"ለባሕር ነው ጋሽ ሸምሱ። ማዕበሉ ይጠፋና ድንጋዩ ይቀራል።"

"ማዕበሉ ይጠፋል።"

"አዎ።"

"ባሕር ድረስ ተሄዶ፣ ባሕሩ ጠፍቶ፣ ድንጋዩ ተይዞ ይመጣል።"

"እንደዚያ ሲሉት..."

"ድንጋይ እዚህስ ሞልቶ የለም እንዴ?"

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ሦስት መልስ ነበረኝ፤ አንዱ እንዲያውም ከፍልስፍና የተወሰደ ነው። አፌን ስከፍት ግን ማስነጠሱ ቀደመኝ። አከታትሎ መጣ፤ ዕንባዬ ወረደ፤ በርጩማው ከሥሬ ሊሸሽ ደረሰ።

"ይማርህ" አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። ከዚያ ብርጭቋቸውን ደፍተው ሳቁ። የሳቁት በእኔ ነው፤ ግን "አንተ" ብለውኛል።

አዛን ሲሰማ ቁልፉን አንስተው ከሱቃቸው ወጡ። ረድፉ ሥራ የቀጠለ ይመስላል እንጂ ሰው ሁሉ የጋሽ ሸምሱን እጅ እያየ ነበር። እትዬ ዘነቡ ቀና አላሉም፤ ወንፊታቸውን ይዘው ያንገዋልላሉ፤ ወንፊቱ ውስጥ ግን ምንም እንዳልነበረ እኔ አይቻለሁ። ጋሽ ሸምሱ ቁልፉን ትንሽ በመዳፋቸው መዘኑና ኪሳቸው ከተቱት።

"ዘነቡ።"

"አቤት።"

"ልሄድ ነው።"

"እሺ።"

ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። "እይልኝ" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው፣ "እሱም ከተቀመጠ አይቀር ያግዝሽ።"

ልነሳ ስል እትዬ ዘነቡ በወንፊቱ ትከሻዬን ተጫኑኝ። "አትነሳ። እይ ተብለሃል፣ እይ።"

አየሁ። የተንጠለጠለውን ኮረሪማ፣ የጥቁር አዝሙዱን ጆንያ፣ ሚዛኑን፣ ማንም ያልነካውን የሻይ ብርጭቆ። አንድ ገዢ መጥቶ "ባለቤቱ የሉም?" ሲለኝ "አሉ፣ ሶላት ላይ ናቸው፤ ይጠብቁ" አልኩት፤ አነጋገሬ እዚያው የተወለድኩ ያስመስለኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው።

"በርበሬው ነው" አሉኝ።

አልተቃወምኩም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ተለወጥኩ ለማለት ከሆነ፣ ብዙም አልተለወጥኩም። "ማጋለጥ" አሁንም በሰዋስው ረገድ ትክክለኛ ቃል ነው፤ ቃሉን የሚሞግት ካለ እኔም ዝግጁ ነኝ። መጣጥፉን ግን አልላክሁትም። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ስጨርስ ኩንታል የተሸከመ ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ቢሰማው ምን ይዞ ይወርዳል እያልኩ አነበዋለሁ። ይህ ልማድ ጽሑፌን አሳጥሮታል፤ አዘጋጆቼ ደስ ብሏቸዋል፤ እኔ ገና እያሰብኩበት ነው።

ጥቁሩን መስታወት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ ያማረው ነው፤ ለማንም አላሳይም። ሰዉን ስላጠፋው አይደለም፤ ሰዉ ሲጠፋ እኔ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው። እናንተም አንድ ነገር ከሩቅ፣ ከመስኮት፣ ከመጽሐፍ በጣም ጠርቶ ከታያችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ኮታችሁን ከራሳችሁ ላይ አንሱ።

አንዳንድ ቅዳሜ ያን በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። በርበሬው እንደሚያቃጥልና እንደማያቃጥል አሁን በማሽተት እለያለሁ፤ እትዬ ዘነቡ ግን ገዢ ሲመጣ እንድናገር አይፈቅዱልኝም። በዚያ ረድፍ ደረጀ የሚባል ሰው የሚያውቅ የለም። "አጋላጩ፣ እይልኝ" ይሉኛል። እኔም እሺ ብዬ አያለሁ።